ስበቱ የት ሄደ? ፊዚክስና እህቶቻችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ባለፈው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ ለፍሬሽማን ተማሪዎች የምንሰጠውን ቱቶሪያል ስንዘጋ፣ የእህቶች ጥያቄ የሚሰበሰብበትን ካርቶን ከፍተን አየን። እንደምታውቁት በቱቶሪያላችን ወንድሞች ከፊት ተቀምጠው እጅ እያወጡ ይጠይቃሉ። እህቶች ከኋላ ስለሚቀመጡ ጥያቄያቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ያቀብላሉ። አስረጂው "እሱን መጨረሻ ላይ እናየዋለን" ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ መግሪብ ይደርሳል። ካርቶኑ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው፤ አብዛኛው ጥያቄም የፊዚክስ ነበር።

ከወረቀቶቹ አንዷ ላይ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ "ሊፍት ወደ ታች መውረድ ሲጀምር የምንቀል ይመስለናል። ገመዱ ቢበጠስስ ሚዛን ላይ የቆመ ሰው ስንት ያነባል? ዜሮ ከሆነ ስበቱ የት ሄደ?"

ጸሐፊዋን በእህቶች ዘርፍ በኩል አፈላልገን ስናገኛት የዲፓርትመንት ምርጫዋን ሞልታ ጨርሳለች። ፊዚክስን ያስቀመጠችው ከሁሉም በታች ነው። ስትጀምር የመጀመሪያ ምርጫዋ እንደነበረ ነገረችን። ታዲያ ምን አስቀየረሽ ስትባል፣ "ጥያቄዬን ማንም ስላልመለሰው የሞኝ ጥያቄ መስሎኝ ነበር" አለች።

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያ ግን ዕዳችንን እንክፈል። ሚዛን የሚያነበው ስበትን ሳይሆን ወለሉ እግራችንን ወደ ላይ የሚገፋበትን ኃይል ነው። 50 ኪሎ የምትመዝን ተማሪ በቆመ ሊፍት ውስጥ ወለሉ በ490 ኒውተን ይገፋታል። ሊፍቱ በ2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ወደ ታች ሲፈጥን ወለሉ ከእግሯ ሥር እየሸሸ ስለሆነ ግፊቱ ወደ 390 ይወርዳል። ገመዱ ከተበጠሰ እሷም ሊፍቱም እኩል ይወድቃሉ፤ ወለሉ የሚገፋው ነገር አይኖርም፣ ሚዛኑም ዜሮ ያነባል። ስበቱ ግን የትም አልሄደም፣ ያው 490 ነው። የጠፋው ስበቱ እንዲሰማን የሚያደርገው የወለሉ ግፊት ነው። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1907 ከጣሪያ የሚወድቅ ሰው የራሱ ክብደት እንደማይሰማው ሲያስብ የጀመረው በዚሁ ጥያቄ ነው፤ አጠቃላይ የሪላቲቪቲ ንድፈ ሐሳቡን ይዞ የጨረሰውም እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። እህታችን ካርቶን ውስጥ የጣለችው ወረቀት የስምንት ዓመት ሥራ መነሻ ነበር ማለት ነው። እኛ ደግሞ መግሪብ ደረሰ ብለን ተነሣን።

ለዚህ ጉዳይ በዲናችን ውስጥ ግልጽ የሆነ ምሳሌ አለን። ቡኻሪ በኪታቡል ዒልም እንደዘገቡት፣ ሴቶች ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርበው ወንዶቹ ጊዜያቸውን እንደያዙባቸው አመለከቱ፤ ለእነሱ ብቻ የሚሆን ቀን እንዲለዩላቸውም ጠየቁ። እሳቸውም ቀን ቀጥረው፣ በቀጠሮው ተገኝተው አስተማሯቸው። ከዚህ ዘገባ እኛ በተለይ ያስተዋልነው፣ ሴቶቹ ቅሬታቸውን ሲያቀርቡ "ከኋላ ሆናችሁም ይሰማል" አለመባላቸውን ነው። መድረሳ ስንማር ይህን ሐዲሥ በቃላችን ይዘነዋል፤ ቱቶሪያል ስናዘጋጅ ግን ትዝ አላለንም።

"ዒልምን መፈለግ በእያንዳንዱ ሙስሊም ላይ ግዴታ ነው" የሚለውን ሐዲሥም ሁላችን እናውቀዋለን። በየፖስተሩ ላይ "ወሙስሊማህ" የሚል ቃል ተጨምሮ ይታያል። ጭማሪው በሐዲሡ ውስጥ የሌለ መሆኑን ዑለሞች ተናግረዋል፤ ነገር ግን "ሙስሊም" የሚለው ቃል ሴቷንም እንደሚያጠቃልል አብረው ነግረውናል። ስለዚህ ጭማሪውን ብንተወው የሚጎድልብን ነገር የለም። እርግጥ ነው፣ ይህ ግዴታ በቀጥታ የሚመለከተው እያንዳንዱ ሰው ለዲኑ የማይቀርለትን ዕውቀት ነው፤ ፊዚክስ በሁሉም ላይ ፈርድ ነው የሚል የለም። የእኛ ጉዳይ ፈርድ ኪፋያ ከሚባለው ጋር ነው። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ የዒልም ምዕራፍ ላይ ሕክምናንና ሒሳብን የፈርድ ኪፋያ ምሳሌ አድርገው ያነሣሉ፤ ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጋፋ ከተሞች ያለ ሐኪም እየቀሩ ነው ብለውም ያማርራሉ። ዛሬ ቢኖሩና የእኛን የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጽ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

እውነቱን እንነጋገርና፣ በግቢያችን ፊዚክስ ተመርጦ የሚገባበት ሳይሆን ተመድቦ የሚገባበት ዲፓርትመንት ተደርጎ ነው የሚታየው። ይህ የእህቶች ብቻ ችግር አይደለም። እኛም ኢንጂነሪንግ ስለደረሰን የተረፍን መስሎን "አልሐምዱሊላህ ፊዚክስ አልተመደብንም" ያልን አለን፤ ከዚያ ሁለተኛ ዓመት ላይ የምንወድቅበት ኮርስ ሁሉ ፊዚክስ ሆኖ አገኘነው። በእህቶች ላይ ግን ተጨማሪ ነገር ይመጣል። "ለሴት ይከብዳል" የሚላት አለ፣ "ተምረሽ የት ልትገቢ ነው" የሚላትም አለ፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ደግሞ ከእኛው ጀመዓ ናቸው።

ለሴት ይከብዳል የሚለውን ብዙ አንከራከርበትም። በኢራን ዩኒቨርሲቲዎች ፊዚክስ ከሚማሩት መካከል ሴቶች ከግማሽ በላይ የሆኑባቸው ዓመታት አሉ። በብዙ የዓረብ አገሮችም የሳይንስ ፋኩልቲዎች በሴቶች የተሞሉ ናቸው። በአንጻሩ የፊዚክስ ኖቤል እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ ከ220 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ሲሰጥ ሴቶቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ ከማሪ ኩሪ (1903) እስከ ሁለተኛዋ (1963) ድረስ ብቻ 60 ዓመት አልፏል። ጭንቅላት በአገርና በዘመን እንዲህ አይለዋወጥም። የሚለዋወጠው በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው።

እህቶች፣ አሁን ወደ አንድ ትምህርት እንግባ። መሣሪያው አንድ ቀጥ ያለ ዱላ ነው።

በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ፀሐይ ቀጥታ ከካዕባ አናት በላይ ትሆናለች። አንደኛው ግንቦት 20 ነው (እ.ኤ.አ. ሜይ 28)፤ ልጆች ሆነን ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ቀን ስለነበር ለማስታወስ አይከብድም። ሁለተኛው ሐምሌ 9 ነው። መካ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ስለምትጠቀም ሰዓት መቀየር አያስፈልግም፤ ግንቦት 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ መካ ውስጥ የቆመ ምሰሶ ጥላ የለውም። በዚያችው ደቂቃ ፀሐይ የምትታየው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ፀሐይ ቢያዞር ወደ ቂብላ ዞሯል ማለት ነው። የዱላችሁ ጥላ ደግሞ በተቃራኒው ይወድቃል፤ ከጥላው ጫፍ ወደ ዱላው ሥር የሚሄደው መሥመር ቂብላችሁ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ መሥመር ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ያዘነብላል። በግንቦት ፀሐይ በሰሜን በኩል መሆኗ እንግዳ የሚሆንባችሁ ካላችሁ፣ ትምህርቱ ከዚያ ይጀምራል፤ መጽሐፎቻችን ላይ የተሣለችው ፀሐይ ብዙውን ጊዜ የአውሮፓ ፀሐይ ናት።

ይህንን ብዙ መስጂዶች ያውቁታል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ቀጥሎ ያለውን ነው። ዱላው 1 ሜትር ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ጥላው 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 22ን ለ100 አካፍሉ፤ 0.22 ይመጣል። ታንጀንቱ 0.22 የሆነ ማዕዘን 12.4 ዲግሪ ነው። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ስለምትገኝ ጨረሮቿ መካም እኛም ዘንድ ሲደርሱ ትይዩ ናቸው። የመካው ምሰሶና የእኛ ዱላ ግን ትይዩ አይደሉም፤ ምድር ክብ ስለሆነች ሁለቱም ወደ ምድር እምብርት ነው የሚያመለክቱት። ስለዚህ በዱላችንና በጨረሩ መካከል ያለው 12.4 ዲግሪ፣ በምድር እምብርት ላይ በእኛና በመካ መካከል ካለው ማዕዘን ጋር እኩል ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 12.4ን ለ360 አካፍላችሁ በ40,000 ስታባዙ 1,380 ኪሎ ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ካዕባ ያለው የአየር ርቀት ይኸው ነው። አውሮፕላን፣ ሳተላይት፣ ስልክ አላስፈለገም፤ ዱላና የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ በቂ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የጥላው ጫፍ ቁልጭ ብሎ አይታይም። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ያላት ሆና ስለምትታየን ጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብዥ ይላል። መሐሉን ውሰዱ። በ1 ሴንቲ ሜትር ብትሳሳቱ ርቀቱ በ60 ኪሎ ሜትር ያህል ይዛባል፤ ዱላው ከተንጋደደማ የባሰ ነው። ክር ላይ ድንጋይ አስራችሁ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ተጠቀሙ። ይህን ስትሠሩ ስሕተትን መለካት መማር ጀመራችሁ ማለት ነው፤ የፊዚክስ ላብ ግማሹ እሱ ነው። ደሴ ያለች ታናሽ እህት ያለቻት በዚያው ደቂቃ ትደውልላት፤ ጥላዋ 18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ጅማ ላለችው ደግሞ 25። ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ልጅቷ ራሷ ትንገራችሁ።

በሱረቱል ፉርቃን 45ኛዋ አንቀጽ ላይ አላህ ጥላን እንዴት እንደዘረጋ እንድናይ ይጠራናል፣ ፀሐይንም በእርሱ ላይ አመልካች እንዳደረጋት ይነግረናል። መድረሳ የቀራን ሁላችን የዐስር ወቅትን በጥላ ርዝመት ተምረናል። ሴቱም ወንዱም አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነው የተማረው። ያኔ "ጥላ መለካት ለሴት ይከብዳል" ያለ ኡስታዝ አልገጠመንም።

ቀደምቶቻችን ይህንን ነገር የምር ይዘውት ነበር። አል-ቢሩኒ የጋዝና ከተማን ቂብላ ለማውጣት ሲል በከተሞች መካከል ያለውን ርቀት የሚያሰላ ሙሉ ኪታብ ጽፏል፤ ዛሬ ፓኪስታን ባለችው ናንዳና ደግሞ ተራራ ላይ ወጥቶ አድማሱ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ በመለካት የምድርን ስፋት አስልቷል። ኢብኑ ነዲም እ.ኤ.አ. በ987 ባዘጋጀው አል-ፊህሪስት ውስጥ የአስትሮላብ ሠሪዎችን ሲዘረዝር አንዲት ሴት ያነሣል፤ የአል-ዒጅሊ ልጅ ነች፣ ሐለብ ውስጥ በሰይፉ ደውላ ዘመን ትሠራ ነበር። ዛሬ "መርየም አል-አስጡርላቢያ" እየተባለች ብዙ ታሪክ ይነገርላታል፤ ኢብኑ ነዲም ግን "መርየም" የሚል ስም አልጻፈም፣ የነገረንም ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። አትራፊ ታሪክ አንጨምርላት። አስትሮላብ የኮከብንና የፀሐይን ከፍታ ለክቶ ሰዓትንና አቅጣጫን የሚያወጣ የነሐስ መሣሪያ ነው፤ ያንን በእጇ የምትሠራ ሴት በሙያዋ ስም መመዝገቧ ብቻውን በቂ ነው።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ግብፃዊቷ ሰሚራ ሙሳ አለች። እ.ኤ.አ. በ1917 ተወለደች። እናቷን በካንሰር አጥታለች። በካይሮ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ፋኩልቲ በከፍተኛ ውጤት ስትመረቅ በረዳት መምህርነት ለመቀጠር የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ያኔ ዲኑ የነበሩት ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ዓሊ ሙስጠፋ ሙሸረፋ ከጎኗ ቆመውላት ነው። በጨረር ላይ የዶክትሬት ጥናቷን ሠርታ ጨረርን ለሕክምና ለማዋል ስትደክም፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ካሊፎርኒያ ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተች፤ 35 ዓመቷ ነበር። የእሷ ስም ሲነሣ የሙሸረፋም ስም የሚነሣው በሩን ስለከፈቱ ነው። ይህ ለወንድሞች ነው።

"ተምረሽ የት ልትገቢ ነው" ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ከዚሁ ከሰሚራ ሥራ የሚቀጥል ነው። በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚያጠቁት ካንሰሮች የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ናቸው። ብዙዎቹ ታካሚዎች የጨረር ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ለረጅም ዓመታት በኢትዮጵያ ይህን ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ እናቶች ለወራት ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ማሽኖቹ የኮባልት 60 ነበሩ። ኮባልት 60 በየ5 ዓመት ከ3 ወሩ ገደማ ግማሹ ያልቃል፤ በወር ሲታሰብ ከመቶ አንድ ያህል ይደክማል። መጀመሪያ 2 ደቂቃ ይበቃት የነበረች ታካሚ ከ5 ዓመት በኋላ ወደ 4 ደቂቃ ያስፈልጋታል። ይህን ሳያሰላ ማሽኑን የሚያበራ ሰው ዕጢውን ሳይገድል ይመልሳታል፤ አብዝቶ ከሰጣት ደግሞ ጤነኛ አካሏን ያቃጥላል። ስሌቱን የሚሠራው ሐኪሙ ሳይሆን የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነው። ማሽኑ ቢገዛም እሱ ከሌለ አይበራም። አሁን ጣቢያዎቹ እየጨመሩ ነው፣ ባለሙያዎቹ ግን ከፊዚክስ ዲፓርትመንት ነው የሚወጡት፤ ያውም ማንም በማይመርጠው ዲፓርትመንት።

እዚህ ላይ እናቶቻችንን እናስብ። ለጡት ወይም ለማሕፀን በር ካንሰር የጨረር ሕክምና የምትወስድ ሴት ለሳምንታት በየቀኑ ማለት ይቻላል ገላዋን ገልጣ ትተኛለች። ሴት ባለሙያ ብትኖር ምን ያህል እንደሚቀላት ለመገመት ፈትዋ አያስፈልግም። "ለሴት ሴት ሐኪም ይሻላል" የምንል ሁሉ፣ የኛ ልጆች ፊዚክስ ካልተማሩ ያቺ ሴት ከየት ትመጣለች?

መምህርነትም አለ። አንዳንዱ "ቢበዛ አስተማሪ ብትሆን ነው" ሲል የሚያንቋሽሽ ይመስለዋል። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ናቹራል ወይስ ሶሻል ብላ የምትጨነቅ ልጅ ፊት ሒጃብ ያደረገች የፊዚክስ መምህርት ብትቆም ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ባልጻፍን ነበር።

እውነተኛ ችግሮች እንዳሉ አንክድም። የማታ ላብ አለ፤ ከላብ ወደ ዶርም የሚወስደው መንገድ ጨለማ ነው። ሁለትና ሦስት ሆናችሁ አንድ ግሩፕ ተመዝገቡ፣ የቀን ፈረቃም ጠይቁ፤ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ሒጃብን በተመለከተ በላብ ውስጥ የሚከለክለው ነገር የለም፤ ጫፎቹን ጋውን ውስጥ መክተት፣ እሳት ባለበት ከሚቀልጥ ጨርቅ ይልቅ ጥጥ መልበስ፣ የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ምንም የተንጠለጠለ ነገር አለማድረግ ነው። ይህ ረጅም ክራቫት ላደረገ ወንድምም ይሠራል። ለትምህርት ወደ ውጭ መጓዝን የመሳሰለውን ደግሞ ኡስታዞቻችንን ጠይቁ፤ እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ፈትዋ አንሰጥም።

በአካዳሚክ ዘርፉ በኩል የሚከተለው ተወስኗል። ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ የፊዚክስ ቱቶሪያል ለእህቶች ራሱን የቻለ ቀን ይኖረዋል፤ የሚያስረዱትም ከሦስተኛና ከአራተኛ ዓመት የመጡ እህቶች ይሆናሉ። በጋራው ቱቶሪያል ላይ ደግሞ የወረቀት ጥያቄዎች በመጀመሪያ ይነበባሉ። አስረጂው ያልመለሰው ወረቀት ካለ ይዞት ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ሳምንትም መልሱን ይዞ ይመጣል። ካርቶኑ ቀርቷል። የሊፍቷን ጥያቄ የጻፈችው እህታችን የዲፓርትመንት ምርጫዋን ለማስተካከል ማመልከቻ አስገብታለች፤ መልሱ ገና አልመጣም፣ ዱዓ አድርጉላት።

ግንቦት 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከመስጂዱ ጀርባ ባለው ሜዳ እንገናኝ። አንድ ሜትር ዱላ፣ ክርና ማስመሪያ ያዙ። 6 ሰዓት ከ18 ላይ ለክተን ስንጨርስ አዲስ አበባ ላይ ዙህር ሊገባ 4 ደቂቃ ያህል ስለሚቀር ሶላት አያመልጠንም። ደመና ከሆነ ሐምሌ 9 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ በየቤታችሁ ሞክሩት። ክረምት ስለሆነ ፀሐይዋን ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ያገኛችሁትን የጥላ ርዝመት በእህቶች ዘርፍ በኩል ላኩልን፤ የከተማችሁን ስም መጻፍ አትርሱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።